ምርት የእህል ብቻ ስም አይደለም፦ ስለ አንድ ቃል ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ምርት» የሚለው ቃል ከትክክለኛ ቦታው ተፈናቅሏል የሚል ጽሑፍ በቅርቡ አነበብሁ። የጸሐፊው ሐሳብ በአጭሩ ሲቀርብ እንደሚከተለው ነው። ቃሉ «መሬት» ከሚለው ስም የወጣ ስለሆነ ከመሬት ለሚገኝ ፍሬ ብቻ መዋል አለበት። በገበሬው አንደበት ምርት ማለት የበቀለው ሁሉ ነው፤ ለስኳርና ለሲሚንቶ፣ ለጨርቅና ለጫማ መዋሉም ስሕተት ነው። ይህን ሰፊ ትርጉም ያመጣው የደርግ ዘመን የፖለቲካ ቋንቋ ነው። «ምርታማነት» የሚለው ስም ቃሉን ከማስረዘም በቀር የጨመረው ፍቺ የለም። «ምርት ገበያ»ና «ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት» የተሳሳቱ ስያሜዎች ናቸው። ልቅነቱም ብሶ ዛሬ «ምሩቃን ማምረት» እስከ ማለት ተደርሷል፤ ስለዚህ ከእርሻ ውጪ ላለው ነገር «ፕሮዳክት» የሚለውን የውጭ ቃል እንዳለ ብንወስደው ይሻላል።

ጽሑፉ ለአማርኛ በመቆርቆር የተጻፈ መሆኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ይታያል፤ ለዚህም ምስጋናና አክብሮት አለኝ። ከነጥቦቹ አብዛኞቹን ግን አልቀበላቸውም፤ አንዱን ብቻ ጸሐፊው ከገፉበት በላይ ገፍቼ እቀበለዋለሁ። መልስ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገሩ ከመዝገበ ቃላት አልፎ የሚሄድ በመሆኑ ነው። ምርት የሚባለው የቱ እንደሆነ የሚወስን ሰው፣ ተካፍሎ አራሹ የሚደርሰውን፣ መንግሥት የሚጠይቀውን ግብርና በአገር ደረጃ የሚመዘገበውን ቁጥር አብሮ ይወስናል።

ከቃሉ አመጣጥ ልጀምር። መሬትና ምርት ሦስት የጋራ ተነባቢዎች አሏቸው፤ መ፣ ረ እና ተ። ከዚህ ተነሥቶ አንዱን የሌላው ልጅ ማድረግ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የተነባቢ መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም። «ቅጠል»፣ «ቀጠለ» እና «ቃጠሎ» ሦስቱም ቀ፣ ጠ እና ለ አሏቸው፤ እሳትን ከቅጠል፣ መቀጠልንም ከእሳት የሚያወጣ ሰው ግን የለም። የአንድን ስም ዘር ለማወቅ የሚያስተማምነው መንገድ አብረውት የሚኖሩትን ቅርጾች መመልከት ነው። ግሱ «አመረተ» ነው፤ ተደራጊው «ተመረተ»፣ አርእስቱ «ማምረት»፣ ሠሪው «አምራች»፣ መሣሪያው ወይም ቦታው «ማምረቻ»፣ አኳኋኑ «አመራረት»። «ከፈተ» ብሎ «ከፋች»ና «መክፈቻ» እንደሚል ሁሉ የ«ተ» ድምፅ በ«አምራች»ና በ«ማምረቻ» ወደ «ቸ» ይለወጣል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ «ምርት» ያለው ቦታ «ፍልጥ» ከ«ፈለጠ» አጠገብ ያለው ቦታ ነው። ፍልጥ ተፈልጦ የተገኘው እንጨት እንደሆነ ሁሉ ምርትም ተመርቶ የተገኘው ነገር ነው። ከቅርጾቹ ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው ሐሳብ የሰው ድርጊትና የድርጊቱ ፍሬ ነው፤ የአፈር ሐሳብ በአንዳቸውም ውስጥ የለም።

ዝምድናው አለ ብንል እንኳ የጸሐፊው መደምደሚያ አይከተልም፤ ምክንያቱም ቃላት የተወለዱበት ቦታ ታስረው አይኖሩም። «ገበሬ» የሚለው ስም ሠራ ከሚለው የግእዝ ግስ ከ«ገብረ» ጋር የተያያዘ ነው፤ በመነሻው ብቻ ብንሄድ ሸማኔውም አንጥረኛውም ገበሬ ሊባሉ በተገባቸው ነበር። «ብር»ም የማዕድን ስም ሆኖ ሳለ ዛሬ ለወረቀቱ ገንዘብ እንጠራበታለን፤ ማዕድኑም ስሙን አላጣም።

ከሁሉ ይልቅ የምለየው በሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። ጸሐፊው ገበሬው የበቀለውን ሁሉ ምርት ይላል ብለዋል። አርሶ የሚያድረው ሰው እንደዚያ አይልም፤ እህሉ በየደረጃው የተለያየ ስም አለው፣ «ምርት» ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ ስም ነው። በማሳው ላይ የቆመው «ሰብል» ነው፤ ከወቅቱ ጋር ተያይዞ ሲነሣ «አዝመራ» ይባላል። ሲታጨድ ነዶ ይሆናል፤ ነዶው ተሰብስቦ ይከመራል። ከዚያም ክምሩ ፈርሶ በእበት በተለቀለቀው አውድማ ላይ ይበተናል፣ በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል፣ በመንሽ እየተገለበጠ ገለባው ይነሣል፣ የቀረው በላይዳ ወደ ነፋስ እየተረጨ ይጠራል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በአውድማው መካከል የሚቀረው የጠራ እህል ነው ምርት የሚባለው። ዳር ዳር የቀረው ከአፈርና ከእብቅ የተቀላቀለ እህል ግርድ ነው፤ ለብቻው ይጠረጋል። «ምርቱን ከግርዱ መለየት» የሚለው አነጋገራችን የወጣው ከዚሁ ነው፤ ዛሬ ስለ ሐሳብም ስለ ሰውም የምንናገረው አውድማ አይቶ በማያውቅ ሰው አፍ ጭምር ነው።

ይህ ልዩነት የስያሜ ቅንጦት አይደለም። በሰብልና በምርት መካከል በረዶ አለ፣ ዋግ አለ፣ ያለጊዜው የሚጥል ዝናብ አለ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሲወርድ የብዙ ገበሬ ማሳ ለአጨዳ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ነበር። እነዚያ ገበሬዎች ሰብል ነበራቸው፤ ምርት ግን አላገኙም። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ቋንቋ የእነዚያን ቤተሰቦች ችግር በትክክል ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ጥንቁቅ ገበሬ በጥቅምት ማሳውን እያየ አዝመራው ጥሩ ነው ይላል እንጂ ምርቴ ይህን ያህል ነው አይልም፤ ይህን የሚለው በቁና ወይም በኩንታል ከሰፈረው በኋላ ነው።

የመካፈሉም ሥርዓት በዚህ ትርጉም ላይ የቆመ ነበር፤ ዛሬም ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የባለርስትና የጭሰኛ ግንኙነትን እስኪያፈርስ ድረስ ጭሰኛው እንደየአገሩ ልማድ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታውን ለባለርስቱ ይሰጥ ነበር። የሚከፈለው ከምርቱ ነው፤ ስለዚህ ምርት የቱ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚሰፈር፣ ዘሩ አስቀድሞ ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚሉት ጥያቄዎች ለአንድ ቤተሰብ የክረምት ቀለብ መኖር ወይም አለመኖር ነበሩ። ዛሬም መሬቱን ለእኩል ወይም ለሲሶ የሚሰጥ ሰው ከአራሹ ጋር የሚካፈለው የተወቃውንና የጠራውን ነው፤ የጭዱ ነገር ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይነገራል። ጭዱ ለከብት መኖ፣ ለቤት ጭቃ፣ ለሽያጭም የሚሆን ዋጋ ያለው ነገር ሆኖ ሳለ ምርት አልተባለም። ይህ ብቻ ጸሐፊው «የበቀለው ሁሉ» ያሉትን ያፈርሰዋል።

ለጭዱ የተሰጠው ስም ደግሞ ወደ ፋብሪካው ጉዳይ ይወስደናል። የእንስሳት መኖ ባለሙያዎች ገለባውን፣ ጭዱንና አገዳውን «የሰብል ተረፈ ምርት» ይሏቸዋል፤ ምርቱ ተለይቶ ሲወጣ የተረፈ ማለታቸው ነው። አሁን ወደ ዱቄት ፋብሪካ እንግባ። ስንዴው ተፈጭቶ ዱቄቱ ይወጣል፤ ፉርሽካው ተረፈ ምርት ነው። በዘይት መጭመቂያ ኑጉ ተጨምቆ ዘይቱ ይወጣል፤ ፋጉሎው ተረፈ ምርት ነው። በወንጂ በ1946 ዓ.ም. በተጀመረው የስኳር ፋብሪካ ሥራ አገዳው ተጨምቆ ስኳሩ ይለያል፤ ሞላሰስ የሚባለው ዝልግልግ ፈሳሽና ባጋስ የሚባለው፣ ለማሞቂያ የሚነደው የአገዳ ጭማቂ ዝቃጭ ተረፈ ምርት ናቸው። ቃሉ ወደ ፋብሪካ የገባው ባዶ እጁን አይደለም፤ የአውድማውን ሥርዓት ይዞ ገብቷል። ድካም ይቀድማል፣ ተፈላጊው ከማይፈለገው ይለያል፣ የተለየው ይመዘናል። ስኳሩና ሲሚንቶው ዛሬም በኩንታል መነገራቸው፣ ቃሉን ያሰፉት ሰዎች ነገሩን እንዴት እንዳዩት ያሳያል። ጸሐፊው ተጣመመ ያሉት ትርጉም በዓይኔ ቀጥ ብሎ ያደገ ነው።

የተለወጠ ነገር የለም አልልም። ገበሬው «ዘንድሮ ምርቱ ደኅና ነው» ሲል ቃሉን አያበዛውም፤ የእህል ክምችት ይሰፈራል እንጂ አንድ ሁለት ተብሎ አይቆጠርም። «ምርቶች» የሚለው የብዙ ቁጥር የመጣው ዓይነታቸው የበዛ፣ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ዕቃዎች ከመጡ በኋላ ነው። ይህን ለውጥ ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ ጽሑፋቸው ይበረታ ነበር። የአውድማው ሥራ ራሱ በአርሲና በባሌ ስንዴ አብቃይ ወረዳዎች በብዙ ቦታ ለኮምባይነር ተለቋል፤ አጨዳው፣ ውቂያውና ማጥራቱ በአንድ ጊዜ አልቆ እህሉ በቀጥታ ጆንያ ውስጥ ይገባል። በሬም መንሽም በሌለበት ጆንያው ውስጥ የገባው አሁንም ምርት ነው የሚባለው፤ ቃሉ የያዘው መሣሪያውን ሳይሆን ውጤቱን ነውና።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ደርግ ዘመን ነው። «የምርት ኃይሎች»፣ «የምርት ግንኙነት»፣ «ስልተ ምርት» የሚሉት የማርክሳዊ ትምህርት ጥምረቶች በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄና በአብዮቱ የመጀመሪያ ዓመታት መስፋፋታቸው እውነት ነው። በእነዚህ ውስጥ ምርት የሚያመለክተው የተገኘውን ፍሬ ሳይሆን የማምረትን ተግባር እንደሆነም ጸሐፊው በትክክል አይተዋል። ይህን የአብዮቱ ጉዳት አድርጎ ማቅረብ ግን አያስኬድም፤ አማርኛ የውጤትን ስም ለተግባርም መጠቀም የለመደ ቋንቋ ነው። «ጽሑፉን አነበበ» ስንል ውጤቱን፣ «የጽሑፍ ፈተና» ስንል ተግባሩን እናመለክታለን። «ስፌት»ም የሰፊዋ ሥራ ነው፣ እንዲሁም ተሰፍቶ የተቀመጠው ዕቃ ነው። ፋብሪካዎቹም ከአብዮቱ በፊት ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአምስት ዓመት የልማት ዕቅዶች ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻንም የኢንዱስትሪንም ውጤት አብረው ያቅዱ ነበር። ከእርሻ ውጪ ያለውን ውጤት መሰየም ያስፈለገው ያኔ ነው።

በዚያ ዘመን በገበሬው ላይ ለደረሰው በደል ምክንያቱን በቃሉ መስፋት ውስጥ መፈለግ የለብንም። በደሉ ያለው ምርትን ከአውድማው በፊት በመቁጠር ላይ ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬው በተወሰነ ዋጋ የሚያስረክበው ኮታ ነበረው። ኮታው የሚደለደለው ከላይ ነው፤ ስለዚህ ያላገኘውን እህል ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ገበሬ በየአካባቢው ነበር። ይህ የቀረው መንግሥት በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ካወጀ በኋላ ነው። ቀደም ሲልም በ1960 ዓ.ም. አሥራትን የተካው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም ገበሬዎች ዘንድ አመፅ ያስነሣው፣ መሬቱ ሊለካ፣ ገቢውም በባለሥልጣን ግምት ሊወሰን ነው የሚለው ሥጋት ስለበረታ ነው። የአውድማውን ትርጉም መጠበቅ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቦታ ነው። ምርት ተለይቶና ተሰፍሮ የተገኘው ነው የምንል ከሆነ፣ በግምት የተጻፈ ቁጥር ገና ምርት እንዳልሆነ መናገር እንችላለን።

«ምርታማነት» ትርፍ ነው ስለሚለው አራተኛ ነጥብ ረዘም አድርጌ መመለስ አለብኝ፤ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ይህ ነጥብ ነውና። ምርት ጠቅላላ መጠን ነው፤ ምርታማነት ያ መጠን ለተገኘበት መሬት፣ ጉልበት ወይም ጊዜ ሲካፈል የሚወጣው ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 20 ኩንታል ጤፍ ያገኘ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ሄክታር ተከራይቶ በአንድ ሄክታር ተኩል ላይ 27 ኩንታል ቢያገኝ ምርቱ በ7 ኩንታል አድጓል። ምርታማነቱ ግን በሄክታር ከ20 ወደ 18 ኩንታል ወርዷል። የተከራየውን መሬት ኪራይ፣ የጨመረውን ዘርና ማዳበሪያ ሲያስብ ዓመቱ የትርፍ ይሁን የኪሳራ የሚያውቀው ሁለቱን ለይቶ ሲያይ ብቻ ነው። በአገር ደረጃም እንደዚሁ ነው። ምርት ያደገው ደንና የግጦሽ መሬት እየታረሰ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በምርጥ ዘር፣ በመስኖና በአፈር እንክብካቤ ከሆነ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የምንጠራ ከሆነ የደኑ መጨፍጨፍ በዕድገት ስም ተሸፍኖ ያልፋል።

መለካቱም ልዩነቱን ይጠይቃል። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ለናሙና በተመረጠ ማሳ ላይ 4 በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ከልለው ያጭዳሉ፣ ይወቃሉ፣ ይመዝናሉ። ቦታው 16 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር እንደዚህ ያሉ 625 ቦታዎች አሉት። ከተከለለው ቦታ 3.2 ኪሎ እህል ቢገኝ በሄክታር 2,000 ኪሎ፣ ማለትም 20 ኩንታል ይሆናል። የተለካው እንግዲህ ምርታማነት ነው፤ ምርቱ የሚገኘው ይህ ቁጥር በታረሰው መሬት ስፋት ሲባዛ ነው። ከዚህም በኋላ በአጨዳ የሚረግፈው፣ በማጓጓዝ የሚፈሰው፣ በጎተራ ነቀዝና አይጥ የሚበላው አለ፤ የግብርና ሰዎች «የድኅረ ምርት ብክነት» ይሉታል። ይህ ስም እንኳ ምርት የሚባለው ቅጽበት የቱ እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል፤ ከእርሱ በፊት ሰብል ነበር፣ ከእርሱ በኋላ የሚባክነው ግን ተለፍቶበት የተገኘ ምርት ነው።

ጸሐፊው ቃሉ ትርፍ ነው ብለው ያሰቡበት ምክንያት ይገባኛል። በየዜናውና በየሪፖርቱ «ምርትና ምርታማነትን ማሳደግ» የሚለው ሐረግ እንደ አንድ ቃል ተጣብቆ ይነገራል፤ ተናጋሪው የትኛው እንዳደገ፣ በስንት፣ በምን ምክንያት እንደሆነ ሳይናገር ያልፋል። ይህ የሚያሳዝን ልማድ ነው። መድኃኒቱ ግን ሁለተኛውን ቃል መጣል አይሆንም፤ የሚናገረውን ሰው «ኩንታሉ ነው ያደገው ወይስ ሄክታሩ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄውን ለመጠየቅ ሁለቱም ቃላት ያስፈልጉናል።

ስለ ቡናም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ ወይም ከነገለፈቱ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ ተቀሽሮ ንጹሕ ቡና እስኪሆን ድረስ ክብደቱ እጅግ ይቀንሳል፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋል። «የቡና ምርት» ብሎ ደረጃውን ሳይናገር ቁጥር የሚጠራ ሰው አድማጩን ሊያሳስት ይችላል። በአውድማው ሕግ ከሄድን መልሱ ቀላል ነው፤ ምርቱ የተለየውና የጠራው ንጹሕ ቡና ነው፣ እሸቱ ሲጠራ በስሙ እሸት ይባል።

በአምስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሞ ግብይት የጀመረው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ነጭ ቦሎቄና ሌሎችም የሚገበያዩበት ሲሆን፣ ገዢው የሚገዛው ተመዝኖ ደረጃ የወጣለትን ነው፤ በደረጃውና በክብደቱ ተማምኖ ይዋዋላል። ማሳ ላይ ያለ ሰብል አይሸጥበትም። ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት የቀረበ ነገር ምርት ካልተባለ ምን እንደሚባል ጸሐፊው አልነገሩንም።

«ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት» ከበድ ያለ ጥያቄ ያነሣል፤ ምክንያቱም የአስተማሪውን፣ የሾፌሩን፣ የፀጉር አስተካካዩን ሥራ በምርት ውስጥ ያስገባልና። ጸሐፊው አገልግሎት አይሰፈርም፣ ስለዚህ ምርት አይደለም ይላሉ። በዚህ ስሌት የሚሰፈረው ግን የዕቃ ክምር አይደለም፤ በየደረጃው የተጨመረው ዋጋ ነው። ስንዴው በ100 ብር ተሽጦ፣ ዱቄቱ በ140፣ ዳቦው በ200 ቢሸጥ የአገር ምርት ብሎ የሚመዘገበው 440 ብር ሳይሆን 200 ብር ነው፤ ገበሬው 100፣ ወፍጮው 40፣ ዳቦ ቤቱ 60 ጨምረዋል። እዚህም መለየት አለ፤ እያንዳንዱ የጨመረው ከሌላው ሰው ድካም ተለይቶ ይቆጠራል። ዳቦውን ያጓጓዘው ሾፌር የጨመረው ዋጋ የማይቆጠርበት ምክንያት የለም። ስያሜው ፍጹም ነው አልልም። በአንድ ነገር ደግሞ ከጸሐፊው ይልቅ እኔ አዝኛለሁ፤ አውድማውን በእበት የለቀለቀችው፣ እህሉን ያበጠረችው፣ ለወቂዎቹ ጠላ የጠመቀችውና እንጀራ የጋገረችው ሴት ያለ ክፍያ በቤቷ የምትሠራው አብዛኛው ሥራ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ይህ ግን የሒሳቡ ጉድለት ነው፤ ቃሉማ እርሷን ለማስገባት ይበቃል።

አሁን ከጸሐፊው ጋር ወደምስማማበት ልምጣ። «ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ይህን ያህል ምሩቃን ያመርታል» የሚለው አነጋገር መቅረት አለበት። ሰው ተለይቶ የሚሰፈር ነገር አይደለም፤ ደግሞም ምርት ካለ ተረፈ ምርት አለና፣ በዚህ አነጋገር ያልተመረቀው ወጣት ምን ሊባል እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ያሠለጥናል፣ ያስመርቃል፤ ሦስቱም ግሶች በእጃችን አሉ። ከዚህም አልፌ እላለሁ፤ «ማምረት» የሚለው ግስ ሌሎች የጠሩ ግሶቻችንን እየዋጠ ነው። ማር ይቆረጣል፣ ቡናና ጥጥ ይለቀማሉ፣ ድንች ይቆፈራል፣ ወተት ይታለባል፣ ቅቤ ይናጣል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ከብት ይረባል፣ ንብ ይነባል፣ አትክልት ይለማል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ይመነጫል። እያንዳንዱ ግስ የሥራውን መልክ ያሳያል። ሪፖርት ጸሐፊው ሁሉንም «ተመረተ» ብሎ ሲያልፍ የንብ አናቢው ሥራ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ሥራ የማይለይ ይመስላል። ጠቅላላ መጠኑን ሲጠራ «የማር ምርት»፣ «የወተት ምርት» ይበል፤ ስሙ ለመጠን ይስማማል። ሥራውን ሲተርክ ግን የሥራውን ግስ ይጠቀም።

ጸሐፊው ያቀረቡት መፍትሔ ግን ከችግሩ የባሰ ነው። «ፕሮዳክት» በንግድ ሰዎች አፍ ውስጥ ገብቷል፤ የውጭ ቃል መዋስም በራሱ ነውር አይደለም፤ ኩንታልም ፋብሪካም የተዋስናቸው ናቸው፣ በአገር ቋንቋ የተዘጋጀ ስም ያልነበራቸውን ነገሮች ይዘው መጡ። «ፕሮዳክት» ግን ስም ያለውን ነገር ሊሰይም ነው የሚመጣው። ስሙን ብናስገባው ግሱን ከየት እናመጣለን? ከ«ምርት» ጎን አመረተ፣ አምራች፣ ማምረቻ፣ አመራረት፣ ምርታማ፣ ምርታማነት፣ ተረፈ ምርት ተሰልፈዋል፤ «ፕሮዳክት» ከአንድ «አደረገ» ወይም «ሠራ» ጋር ካልተቆራኘ መንቀሳቀስ አይችልም። በምግብ ዘይቱና በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ «የተመረተበት ቀን» ተብሎ የሚጻፈውን ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ይረዳዋል፤ ይህን ትቶ ሌላ የሚጽፍ ድርጅት የገዢውን ደኅንነት በማይታወቅ ቃል ይሸፍናል። በ2014 ዓ.ም. ለአምራች ኢንዱስትሪው የተጀመረው ንቅናቄ ስሙን «ኢትዮጵያ ታምርት» ብሎ ምኞትንም ትእዛዝንም በአንዲት ግስ ለመናገር የቻለው ይህ ቤተሰብ ሙሉ ሆኖ ስለቆየ ነው።